ከላኪዋ ጋር ያለው ዝምድና

ልጄ ትርሲት ሳታናግረኝ አራት ቀን ሆነ። ወጥ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች። ከጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍል ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ ወደ ጓዳ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህን ብትሰብርብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው ትመልሰዋለች፤ እኔ ደግሞ እንዝርቴን ይዤ እሷን አያለሁ፣ ክሩ ይበጠስብኛል።

የሆነውን ልንገራችሁና ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጡ።

ዮፍታሄ እዚህ ዘመሮ ላይ የሚያስተምር መምህር ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለእኛ ለጎልማሶች ፊደል ያስቆጥረናል። እኔ በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው "ሀ" ያልሁት። መጀመሪያ ቀን "አንቱ መምህር" ስለው ጆሮው ድረስ ቀላ።

"እትዬ ይመኙሻል፣ እባክዎ አንተ ይበሉኝ፤ እናቴ ነዎት እኮ" አለኝ።

"እናትህማ ደብረ ብርሃን ላይ ፎቅ የሠራች ነጋዴ ናት አሉ። እኔ የበግ ጠጉር ፈታይ ነኝ" አልሁት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነቴን ነበር።

ትምህርቱ የሚያልቀው በስድስት ሰዓት ነው። ትርሲት ልትወስደኝ በአምስት ተኩል በሩ ላይ ናት። መንገዱን የማላውቀው ይመስል! አንድ ቀን ዮፍታሄ ሰሌዳው ላይ "ለ"ን እየጻፈ ዓይኑን ወደ በሩ ጣል ቢያደርግ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልፎ ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጥሩሸዋ ምላሷ አያርፍ፦ "መምህር፣ ይኸኛው ደግሞ ምን የሚሉት ፊደል ነው?" ብላ ክፍሉን በሳቅ አናጋችው። ልጄ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። እኔ ግን ነጠላው ሳይሸፍነው በፊት ዓይኗን አይቼ ነበር። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። የከተማ ሰው ልብ ስንት መስኮት እንዳለው ማን ያውቃል?

ባናዬን በስልክ ጨረታ እናውጣው ያለው እሱ ነው። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሸመን የብርዳችን መከላከያ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ እፈትላለሁ፣ የሟች ባለቤቴ ወንድም ዳኜ ይሸምነዋል። በገበያችን ግን ሁሉም ፈታይ፣ ሁሉም ሻጭ ነው፤ የድካሙን አያወጣም። ዮፍታሄ ባናውን አጥሩ ላይ ዘርግቶ ፎቶ አነሳው፤ መነሻ ዋጋም ጻፈበት። "አገር ሙሉ ሦስት ቀን ይጫረትበታል እትዬ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ከላይ ያለው ይወስደዋል" አለኝ። እነዚያን ሦስት ቀናት ስልኩን አቅፌ ልተኛ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሐዋሳ ያለች አንዲት ሴት በአምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር አሸነፈች።

ባናውን ራሴ ጠቀለልሁት። የታጠበ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትሁት። የጋራ የሣር ተራራችን ጓሳ ለአጨዳ በተከፈተ ጊዜ ካመጣሁት ሣር ራሴ በገመድሁት ቀጭን ገመድ አሰርሁት። ዮፍታሄ በዚያ ቅዳሜ እናቱን ሊጠይቅ ደብረ ብርሃን ይሄድ ነበርና ለእሱ ሰጠሁት።

"አደራ" አልሁት።

"አደራዬ ነው" አለኝ።

"ገመዴን ደግሞ መልስልኝ። በእኛ ገበያ በግ ሲሸጥ ገመዱ የሻጭ ነው።"

"እሺ እትዬ፤ ገመዱንም" ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሰኞ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብሬን እጄ ላይ አኖረ። ገመዴን ግን አልመለሰም። ለገመድ ማን ይናገራል ብዬ ዝም አልሁ።

የቀረኝን ሁለተኛ ባናም ጨረታ ላይ አወጣልኝ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሽማግሌ እንደሚልክ በትርሲት በኩል ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ዋዜማ፣ ልጄ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ስልኳ አልጋው ላይ ብልጭ አለ። ዮፍታሄ የገዢዋን መልእክት ልኮላት ነበር። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። በሕይወቴ ከደብተር ውጭ ያነበብሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። "ባናው ደርሶናል፤ እጅግ ይሞቃል። የከፈልሁት በድምሩ 6050 ብር ነው። ባናው 5200፣ ማሸጊያና መላኪያ 850።"

ደግሜ አነበብሁት። ሦስተኛ አነበብሁት። ደስታዬ ወደ ፍም ተለወጠ።

ማሸጊያ? ያሸግሁት እኔ! ከረጢቱ የእኔ፣ ገመዱ የእኔ። መላኪያስ? ሰውየው እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ይዞት ሄደ እንጂ ማን ላከው? በእኛ አገር ዕቃ የሚሄደው በአደራ ነው። ከተማ ለሚማር ልጅ ቅቤ፣ ለታመመ ዘመድ ጠበል፣ ለሹፌሩ ወይ ለመንገደኛው "አደራ" ተብሎ ይሰጣል፤ ይደርሳል። ለአደራ ብር የተቀበለ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲያውም በገበያችን ሻጭ ነው ለገዢ መርቆ የሚጨምረው፤ ገዢ ላይ የሚጨመር ምን ጉድ ነው? ስምንት መቶ ሃምሳ ብር! ገመዴንም አስቀርቶ!

ለትርሲት አልነገርኋትም። እሷ በፍቅር ታውራለች፣ እሱ ይጠነቀቃል ብዬ ሆዴ ውስጥ አሳደርሁት። ሆድ ውስጥ ያደረ ነገር ይኮመጥጣል።

እሑድ መምሬ መርስዔ ኃዘን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ደጄ ላይ ቆመው "ልጅሽን ለልጃችን" ብለው ጠየቁ። ተቀመጡ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

"ልጄን ለአደራ በላ አልሰጥም!"

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ወደቀ።

መምሬ በትራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "ይመኙሻል፣ ይህ ቃል ከባድ ነው። ያለ ምስክር በሰው ልጅ ላይ አይጣልም።"

"ምስክሬ ፊደል ነው አባቴ። ራሱ ያስተማረኝ ፊደል!"

እንዴት ያለ ጥሩ ንግግር ተናገርሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ውኃ ሳይቀምሱ ወጡ። ደጁ ባዶ ሲሆን ነው ኩራቴ ልክ እንደ ረጠበ ባና የከበደኝ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። አጥሩን አልፎ አልገባም። ትርሲት ሮጣ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እሱ አንድ ጊዜ አያት። ያን አስተያየት ልናገረው አልችልም። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ቤቱን እንዲህ ያያል።

"እትዬ፣ ያሉት ደርሶኛል" አለ።

"እንግዲህ አንቱ መምህር፣ ያሸግሁትን ባና ማሸጊያ ብለው ብር የተቀበሉበትን ያስረዱኝ" አልሁት። ስንት ጊዜ አንተ ስለው ከርሜ አሁን አንቱ ስለው ፊቱ ጠቆረ። ከስድቡ ይልቅ ይህ ሳይጎዳው አልቀረም።

"መላኪያው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ባናውን ሐዋሳ ያደረሰው ድርጅት አለ…"

"ደረሰኝ አለህ?" አለችው ትርሲት፣ በልመና ድምፅ። "አሳያት ዮፍታሄ፤ አሳያትና ይለቅ!"

ራሱን ነቀነቀ። "በደረሰኝ አማች አልሆንም ትርሲት። ዛሬ ደረሰኝ አሳይቼ ብገባ ዕድሜ ልኬን ደረሰኝ ይዤ መኖሬ ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "ሁለተኛውን ባናዎን ጅማ ያለ ሰው አሸንፎታል፤ ገንዘቡም ገብቷል። አምስት ሺህ ባናው፣ ስምንት መቶ ሃምሳው መላኪያ። ሁሉንም ትርሲት ስልክ ላይ አስገብቼዋለሁ። እስከ ሐሙስ መላክ አለበት። መንገዱን ራስዎ ይሂዱበት።"

ሄደ። ረቡዕ ጥሩሸዋ መጥታ "መምህር ዝውውር ሊጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄዷል አሉ። እንግዲህ የቀረችንን 'ፐ'ን ማን ሊያስተምረን ነው? አንቺ?" ብላኝ ወጣች። ትርሲት ሰማች። ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን የዝምታዋን ክብደት ጀርባዬ ላይ ተሸከምሁት።

ሐሙስ ማለዳ ባናውን እንደ ልማዴ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ መነሻ ላይ ቆምሁ። ትርሲትም ከሥራዋ አስፈቅዳ ከኋላዬ ቆማለች። ስልኩ በእጇ ነውና ያለ እሷ አልሆነልኝም። ከንፈሯ ግን እንደ ታተመ ደብዳቤ ነው።

"ወንድሜ፣ ይህችን ጅማ ለሚሄድ ሰው በአደራ ስጥልኝ" አልሁት ሹፌሩን።

"ጅማ? ለማን እማማ?"

"ለገዢው። በጨረታ ያሸነፈ ነው።"

"ያውቁታል?"

"ከየት አውቄው?"

ሹፌሩ መሪውን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። "እማማ፣ እርስዎ አያውቁት፣ እኔ አላውቀው። ይህ ባና ቢጠፋ ማን ማንን ሊይዝ ነው? አደራ ለሚያውቁት ሰው ነው፤ ለማያውቁት ደረሰኝ ነው። ይልቅ ላዩ ላይ እንጫነውና የጭነት ይክፈሉኝ።"

ተናደድሁ። እንኳን ለባና፣ ለሬሳ ሳጥን የማይከፈልበት መንገድ ነበር እያልሁ አጉረመረምሁ። ከፈልሁ። ተሳፍረን በጓሳ ጥግ ስናልፍ ጉሙ ወረደ፣ ዝናብም አከለ። ከላያችን ጠብ ጠብ ሲል ባናዬን አሰብሁ። ማዳበሪያ ከረጢት ውኃ እንደማይከለክል ስንት ዓመት አውቃለሁ? ለምን ትዝ አላለኝም?

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አንዱ ጠርዝ ረጥቦ ነበር። ሹፌሩ ያሳየን የዕቃ መላኪያ ቤት ጠባብ ነው። ሰብሊ የምትባል ወጣት ጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ስታገለግል ወረፋው እስከ ደጅ ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ገመዴን ፈታችው፤ ከረጢቱን ወደ ጎን ጣለችው።

"ምን አደረግሽ? አሽጌዋለሁ እኮ!"

"እናቴ፣ በዚህ ጅማ ቢሄድ ሻግቶ ነው የሚደርሰው።" ባናውን አድርቃ በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለችው፣ ካርቶን ውስጥ አስገባችው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው፣ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈችበት። ከዚያ በሜትር ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን ለካች። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ።"

"ምን? ክብደቱ እኮ ከአንዲት ጠቦት አይበልጥም!"

"ክብደቱ አይደለም፤ መኪናው ላይ የሚይዘው ቦታ ነው።"

"ጠጉር ነዋ፤ ይተነፍሳል!"

"አዩ? ያ ትንፋሹ ነው ቦታ የያዘው" ብላ ሳቀች። ከዚያ ትዕግሥት አልጎደላትም፤ ጣቶቿን እያጠፈች አስረዳችኝ። ላስቲኩና ካርቶኑ አለ፤ የሚጭነውና የሚያወርደው ሰው አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያድርበት መጋዘን አለ፤ ጅማ ላይ ገዢው እጅ አስፈርሞ የሚያስረክበው አለ። ቢጠፋም የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው።

"ገዢው ለመላኪያ የከፈለው ግን ስምንት መቶ ሃምሳ ነው" አልሁ፤ ድምፄ አነሰ። "የጎደለውን ማን ይሞላዋል?"

"ጨረታው ላይ የጻፈው ሰው ነዋ። መላኪያ አስቀድሞ ነው የሚጻፈው። አስበልጦ ቢጽፍ ተጫራች ይሸሻል፤ ዕቃው ይረክሳል። አሳንሶ ከጻፈ ደግሞ ከኪሱ ይሞላል። ባለፈውም እንዲህ ያለ ባና ያመጣ ልጅ ከኪሱ ነው የጨመረው።"

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። "ማን… ማን ይባላል እሱ?"

"ላኪው ራሱ ካልመጣ ያስረከበው ሰው መዝገብ ላይ ይጽፋል" አለችና መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ትርሲት ከኋላዬ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለች። ጣቴን አስቀደምሁና ፊደል በፊደል አነበብሁ።

ላኪ፦ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ዘመሮ።

አስረካቢ፦ ዮፍታሄ።

ከላኪዋ ጋር ያለው ዝምድና፦ ልጅ።

የተከፈለ፦ 1290።

ቀኑ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ልጅ! ገና ልጄን ሳይጠይቅ፣ ገና እሺ ሳልለው፣ በማያውቁት ሰዎች መዝገብ ላይ ልጄ ሆኖ ተመዝግቧል። የእጁን ጽሕፈት አወቅሁት። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ያው ክብ ክብ ፊደል ነው።

"ልጅዎ ነው አይደል?" አለች ሰብሊ። "ዝናብ አበስብሶት ነበር ያመጣው። እዚህ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በጃኬቱ ሲያደርቀው ቆየ። 'እናቴ ዓመት ሙሉ የፈተለችው ነው፤ በደንብ ጠቅልይልኝ' እያለ ልቤን አወለቀው።"

ከኋላዬ አንድ ትኩስ ጠብታ አንገቴ ላይ ወደቀ፤ ከዚያም ከአራት ቀን በኋላ ያንን ቃል ሰማሁት።

"እማዬ።"

ብዙ ጊዜ ጠርታኛለች። እንዲህ ያለ መጥራት ግን አልሰማሁም። ይቅርታም ወቀሳም፣ ሁለቱም በአንድ ቃል።

ትርሲት ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ሰብሊን ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኋትና አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ፤ ሦስተኛው ላይ እንዲህ አልሁ።

"ልጄ ዮፍታሄ፣ ራስዎ ይሂዱበት ያልኸኝን መንገድ ሄድሁበት። መዝገቡን አነበብሁት። አደራ ያልሁህን አንተ ከኪስህ ጨምረህ አደረስህ። እኔ ግን ባስተማርኸኝ ፊደል ከሰስሁህ። በሽማግሌ ፊት የተናገርሁትን በሽማግሌ ፊት እመልሳለሁ፤ እሑድ፣ እዚያው ደጄ ላይ፣ እኔ ቆሜ እነሱ ተቀምጠው። ትርሲት ታለቅሳለች። እኔም። እናትህ ይመኙሻል።"

"ይህንንስ ታደርሱልኛላችሁ?" አልኋት ሰብሊን። ትርሲት የእናቱን ቤት ሰፈር ነገረቻት።

"እናቴ፣ ይህ እኮ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለምን በእጅዎ አይሰጡትም?"

"በአፌ የሰበርሁትን ሰው ደጅ በባዶ እጄ ለመቆም አልደፈርሁም። ላኪልኝ። ላስቲክም አድርጊበት፤ ዝናብ እንዳይመታው።"

"ለላስቲኩ ይከፍላሉ" አለች እየሳቀች።

"እከፍላለሁ! ለሚያሽገውም፣ ለሚያደርሰውም፣ ለሚያስፈርመውም እከፍላለሁ።"

ቅጽ ሰጠችኝ። ከተቀባዩ ጋር ያለው ዝምድና የሚል መስመር ነበረው። እናት ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

የሞተር ብስክሌቱ ልጅ ደብዳቤውን ይዞ ወጣ። እኔና ትርሲት አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በሩን እናያለን። ሰው ይገባል፣ ካርቶን ይወጣል፣ ሰብሊ ትለካለች፣ ትለጥፋለች። አንድ ሰዓት ሞላ። ሞተሩ ብቻውን ተመለሰ። "ፈርሞ ተቀብሏል" አለ ልጁ።

"ምን አለ?" አለች ትርሲት ብድግ ብላ።

"ምንም። ፈርሞ በሩን ዘጋው።"

ትርሲት ተመልሳ ተቀመጠች። እጇን ፈልጌ ያዝሁ፤ አልነጠቀችኝም፣ አልጨበጠችኝምም። ከዚህ በላይ ምን ልጨምር? የሰው ልብ ላይ ስንት እንደሚጫን በምን ሜትር ይለካል? አውቶቡሳችን ሊነሳ ነው፤ እንነሳ ልላት አፌን ስከፍት በሩ ጨለመ።

ዮፍታሄ ቆሟል። ሮጦ ነው የመጣው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በአንድ እጁ ደብዳቤዬን ይዟል፣ ከነላስቲኩ። ትርሲትን አያት። እሷም አየችው። ሰብሊ ሜትሯን ይዛ ቀረች። እኔ ፊቴን ወደ መዝገቡ አዞርሁ፤ ያ አስተያየት የእኔ አልነበረም።

"እትዬ" አለኝ በመጨረሻ። "እዚህ ድረስ ከአሥር ደቂቃ መንገድ መላኪያ ከፈሉ?"

"ከፈልሁ።"

"ስንት?"

"አልቆጠርሁትም።"

ከንፈሩ ሊስቅ ዳዳው፣ ግን ዓይኑ ቀደመው። "የተቆጣሁት ስለ ሰደቡኝ አይደለም" አለ። "እናቴ ብዬ የተናገርሁበት አፌ ስላፈረ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። መዝገቡ ነገረኝ።"

"ዝውውሩንስ?" አለች ትርሲት፤ ድምፅዋ የለም ማለት ይቻላል። "ጠየቅህ?"

"ወረቀቱን ሞላሁት። አላስገባሁትም። ጠዋት ጠዋት ላስገባው ቢሮው በር ላይ እደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ።" ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደ። "ለዚህ ነው የተመለስሁት ብል ያምኑኛል?"

ያወጣው ቀጭን፣ የጓሳ ሣር ገመድ ነበር። ገመዴ። በእኔ አገማመድ፣ በእኔ ቋጠሮ፣ ተጠቅልሎ።

"ገመዱ የሻጭ ነው ብለውኝ ነበር" አለ። "አማች ሆኜ ልመልሰው ብዬ ነው ያቆየሁት። አጥርዎ ላይ በቆምሁ ቀንም ኪሴ ውስጥ ነበር።"

እጄን ዘረጋሁ። የገመዱን አንድ ጫፍ ያዝሁ። ሌላውን ጫፍ እሱ አልለቀቀም፤ እኔም እንዲለቀው አልሳብሁም።